የተቀነሰው አርብ

በጥር ወር በረዶ፣ በሄለና ከተማ፣
ከጉልላቱ ሥር፣ በምድር ቤት ጨለማ፣
ቧንቧው እያቃተተ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ
ፓርቲው ተሰብስቧል ቅድሚያውን ሊመርጥ።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም፤
የተባለን እጽፋለሁ፣ ያልተባለን አልጨምርም።

ወረቀቷ አጭር ናት፣ ሦስት መስመር ብቻ፤
በጀት፣ ግብር፣ ትምህርት፣ እንደ ሦስት ጉልቻ።
አንደኛው፦ ወጪያችን ከገቢው አይለፍ፤
ሁለተኛው፦ ግብር ይቀነስ፤ ሕዝብ ይረፍ፤
ሦስተኛው ትምህርት ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ጭራ አለው፣
«አቅም እንደፈቀደ» የሚል ሐረግ የታሰረው።

ሰብሳቢው ሃርግሮቭ መነጽሩን ጠርጎ
አነበበው ሦስቱን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ተቃውሞ ከሌለ...» ብሎ ሳይጨርሰው
ከኋላ ረድፍ ላይ ሳል ተሰማ፤ የሰው
አንገት ሁሉ ዞረ።

ቨርና ቶለፍሰን ናት፣ ዘንድሮ የገባች፣
ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣
ተማሪ ከየደጁ በጨለማ የለቀመች፣
በኋላ መስታወት የስንቱን እንባ ያየች።

«በኛ አውራጃ» አለች፣ «ካለፈው መስከረም
ትምህርት አራት ቀን ነው፤ አርብ የሚባል የለም።
በጀት ሲጎድልብን፣ ‹ወጪ ቀንሱ› ስትሉን፣
ሌላ የሚቀነስ ብናጣ፣ ቀን ቀነስን።
ቀን! ከሳምንቱ ላይ፣ እንደ ቅቤ ቆርጠን።

«ብሪና የምትባል አለች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
አርብ አርብ አባቷ መኪና ውስጥ ነው የምትውለው።
እሱ አጥር ሲጠግን፣ እሷ መስታወቱን
በትንፋሿ አልብሳ ትሞክራለች ብዜቱን፤
ሰባት ጊዜ ስምንት... በጣቷ ስትጽፈው
መልሱ ጋ ሳትደርስ ጉሙ ነው የሚተነው።
ምሳዋም ብስኩት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት
ስለሚዘጋ፣ ትኩስ የለም በዚያ ዕለት።»

ሃርግሮቭ ክፉ አይደለም። ራሱን ነቀነቀ፤
«ልብ ይነካል» አለ፤ «ግን» ሲል ሁሉም አወቀ።
«ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ግብርን ልንቀንስ
ቃል ገብተን የለም ወይ? ያንቺስ ፊርማ? ያንቺስ?»

እውነት ነው። ገብታለች። ኪሷ ውስጥ ወረቀት፣
ኦርቪል ስቴነሩድ በእርሳስ የጻፈላት፤
«የመሬቴን ግብር ልከፍል ዘንድሮም
አሥራ አራት ላም ሸጥኩ፤ ለከርሞ ላም የለኝም።
ድምፄን የሰጠሁሽ ለዚሁ ነው፤ አትርሺ።»
ጠዋት ደረጃው ላይ አሳይታኝ፣ «ምን ልበል እሺ?»
ብላኝ ነበር፤ «እኔ ድምፅ የለኝም» አልኳት፤
ከዚህ የተሻለ መልስ አጣሁላት።

ላንዱ ላም የሚያስሸጥ፣ ላንዱ ምሳ የሚሆን፣
ግብር ያው ግብር ነው፤ ማን ይብላ? ማን ይጹም? እሱን
ወረቀቷ አልጻፈችም።

ቨርና አልተቀመጠችም። «እሺ፣ ገንዘብ አልልም፤
አንዲት ነገር ልለምን፣ ዋጋ አትጠይቅም።
ያችን ሁለት ቃል ብቻ፣ ያችን የጭራ ሐረግ፣
ከትምህርቱ ፍቱና ወደ ላይ ትደረግ፤
ግብር ይቀነሳል፣ አቅም እንደፈቀደ፤
ትምህርት ግን አምስት ቀን፤ አራት ነጥብ።»
አንዱ ሳቀ፤ ሌላው እስከ ጆሮው ነደደ።
ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጥም የሚለው
እግሩ ላይ ጉልቻ ያልወደቀበት ነው።

«የምትደግፉ?» ተባለ። ስምንት እጅ። እየዞርኩ
ስቆጥር፣ ስቆጥር፣ እሷ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤
አንዱ እጇ ኪሷ ውስጥ፣ ደብዳቤው ላይ ነበረ፣
አንዱ ከደረቷ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ፤
ወደ ላይም አይል፣ ወደ ታችም አይል፣
የዘገየ ልጅ እንደሚጠብቅ በር፣ ገርበብ ሲል።

ሃያ አንድ ተቃወመ። አለቀ። ወንበር ተገፋ፤
ወረቀቷም ወጣች፣ ጭራዋ ሳይጠፋ።

ማታ ለብቻዬ ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ፣
ያችን ግማሽ እጅ የት ላስቀምጥ? የት ላስቀምጥ?
«ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። «ስምንት» አልኩ፤ ሰረዝኩ።
«ድምፀ ተዓቅቦ» አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩ።
ቦታውን ባዶ ትቼ፣ እንደ ደንቡ ከላይ
ዕለቱን ልሞላ ጎንበስ አልኩ ገጹ ላይ።

ዕለቱ፦ አርብ።